የሚስተር ኦስበርት ፈተና

ሚስተር ኦስበርት ፈተናውን አለፈ ወይስ ወደቀ?

ይህን የጠየቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፈተና የሚባል ነገር እንዳልነበረ ካወቅሁ ከርሜአለሁ፤ ጥያቄው ግን አብሮ አልሄደልኝም። አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ እንዲያውም ብሶበታል። “ተመለስኩ” ስል ራሱ ይከነክነኛል፤ በሁለት ዓመቴ ከወጣሁበት አገር ምኑን አውቄው ነው የምመለስበት?

ያደግሁት ብሩክሊን ፓርክ ነው፣ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን፣ ጎን ለጎን ተጣብቀው ከተሠሩ ቤቶች ባንዱ። ግድግዳው ስስ ነበር። ከግድግዳው ወዲህ እኔ፣ አባቴ ባህሩዲንና እናቴ ዛሂዳ፤ ከግድግዳው ወዲያ ሚስተር ኦስበርት ብቻውን። ሳምንቱን የሰው ቤት ቀለም ይቀባል፤ ቅዳሜ ማታ በአንድ የሬጌ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ድሬድ ጸጉሩ እስከ ወገቡ ይወርዳል። ያገራችን ሰዎች “ጃማይካው” ይሉታል። እሱ ሴንት ሉሺያ ከምትባል ሌላ ደሴት እንደመጣ ለሁሉም ተናግሯል፤ የሰማው የለም።

“ደሴት ደሴት ነው” ይላል የአባቴ ጓደኛ ኃይለማርያም። እሱም እንደ አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ባንዱ በሚስተር ኦስበርት ጋራዥ ይለማመዳል። ቤዙ በግድግዳው አልፎ ይመጣና ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎቻችን እርስ በርስ ይንኳኳሉ። እናቴ እየተነጫነጨች ትነሳና በመሀላቸው ፎጣ ትወትፋለች። ይህ አይገርመኝም ነበር። ድሬድ ያለው ሰው ሬጌ መጫወቱ ያለ ነው።

እሁድ ጠዋት ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ቀስ ያለ ጊታር፣ የሚያላዝን ቫዮሊን፣ በአፍንጫው የሚዘፍን ነጭ ሰውዬ። ካንትሪ የሚሉት ያሜሪካ ገጠር ዘፈን። ያን ዓይነት ዘፈን አውቀዋለሁ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ፒካፑን ሲያጥብ የሚከፍተው ነው። ሰውዬው በኅዳር አጋዘን አድኖ ፒካፑ ላይ ጭኖ ይመጣል፤ ሰላም ብሎን አያውቅም። ስለዚህ ካንትሪ በኔ ግምት የፒካፕ ባለቤቶች ንብረት ነበር። ሚስተር ኦስበርት የነሱን ዘፈን ምን ሊያደርግለት ነው?

መልሱን ያገኘሁ የመሰለኝ አባቴ ታክሲ ውስጥ ነው። ያን ዊንተር፣ በበረዶው ወራት፣ አባቴ ለዜግነት ፈተና ይዘጋጅ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው ካሴት አለው። አንዲት ሴት ትጠይቃለች፤ የባንዲራው ቀለማት ምን ምን ናቸው? ከዚያ ዝም ትላለች። አባቴ መሪውን እንደያዘ በዝምታው ውስጥ “ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ” ይላል። ሲሳሳት ካሴቱን ወደ ኋላ ያጠነጥነውና እንደገና። ከጥያቄዎቹ አንዱ ብሔራዊ መዝሙሩን የጻፈው ማን ነው የሚል ነበር።

ሚስተር ኦስበርትስ የሚያደርገው ይህንኑ አይደለም? ካሴቱን ያጠነጥናል፣ ያንኑ ስንኝ መልሶ ይከፍታል፣ አብሮ ይዘፍናል፣ ደግሞ ያጠነጥናል። ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። እሱም እያጠና ነው። ከደሴት የመጣ ሰው ሲፈተን ያሜሪካን ዘፈን ያዘፍኑታል።

“አባዬ፣ ሚስተር ኦስበርት ዜጋ ሲሆን ምን ያደርጋል?” አልኩት በእንግሊዝኛ። እኔ በእንግሊዝኛ፣ እሱ በአማርኛ፤ ወጋችን እንደዚያ ነበር።

“ዜጋ ቢሆንማ በማግስቱ እናቱን ሄዶ ያያል። ካያት ስንት ዘመኑ!”

“አሁን ለምን አይሄድም?”

“ከወጣ አያስገቡትም። እሷ ደግሞ ታማለች።” ከዚያ ለራሱ የሚናገር ያህል፣ “ምን ዓይነት ምርጫ ነው አንተ?” አለ።

ሚስተር ኦስበርት ካለፈ እናቱን ያያል፤ ካላለፈ አያያትም። የእሁዱን ዘፈን ከዚያ በኋላ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር የምሰማው።

እናቴ ለዒድ የሠራችውን ይዤለት ስሄድ ፍሪጁ ላይ የእናቱን ፎቶ አየሁ። ባርኔጣ ያደረጉ ቀጭን ሴትዮ፣ እጃቸው ላይ የልብስ ካውያ። ፎቶ ሲነሱ እንኳ ካውያውን አላስቀመጡም።

“ልብስ ሲተኩሱ ሬዲዮኑ አጠገባቸው ነው” አለኝ ሚስተር ኦስበርት። ኢሽራቅ የሚለውን ስሜን አሳጥሮ ኢሽ ነው የሚለኝ። “ካንትሪ ካልሆነ አይተኩሱም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ዘፋኞቹ ነጮች ይሁኑ ሰማያዊ ማን አይቷቸው? ድምፅ ብቻ ነው የምናውቀው። አንዱ ስለ ባቡር ይዘፍናል፣ እናቴ ያለቅሳሉ። ኢሽ፣ ደሴታችን ባቡር እንደሌላት ታውቂያለሽ? አንድም የለም!”

“የባንድህ ሰዎችስ ይህን ዘፈን ይወዳሉ?”

“ይወዱታል? ሬጌውን የምንጫወተው ሰው ሲጠራን ነው። ዕቃ ስንሰበስብ ምን እንደምንጫወት አልሰማሽም?”

ለካ ልክ ነበር። በተከታዩ ቅዳሜ ሰማሁት። ልምምዱ አልቆ ገመዱን ሲጠቀልሉ፣ አንዱ ሳያስበው ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ከበሮ መቺው የሬጌ ምቱን ሳይለቅ ይከተላል፤ የፒካፑ ሰውዬ ዘፈን ወገቡን እያወዛወዘ ይመጣል። እኔ ግን ያን የወሰድኩት እንደ ቡድን ጥናት ነው። ሁሉም ሊፈተኑ ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

አንድ እሁድ አባቴ ሻዩን እየጠጣ ድንገት እጁን አነሳ።

“ይሄ እኮ ትዝታ ነው!”

“ምኑ?” አለች እናቴ።

“ዘፈኑ! ስሚው እስቲ። ትዝታ ነው እኮ፣ ቅኝቱ!”

“የፈረንጅ እዬዬ ነው። ሻይህን ጠጣ።”

አባቴ አልጠጣም። ወደ ጋራዣችን ወርዶ በበረዶ ጊዜ ከሚገጠሙት ጎማዎች ኋላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ክራር ነበር። ደሴ እያለ ኪነት ቡድን ውስጥ ይጫወት እንደነበር ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እናቴ ክራሩን ስታይ ወገቧን ያዘች።

“አሁን ደግሞ ሊጀምርህ ነው? እኔ ያገባሁት የተወውን ሰውዬ ነው!”

“እስቲ ላንድ ደቂቃ፣ ዛሂ።”

“የኪነት አንድ ደቂቃ አውቃታለሁ።”

እውነቷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከታክሲ ሲመለስ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሚስተር ኦስበርት ጋራዥ መግባት ጀመረ። እኔም የቀለም ባልዲ ገልብጬ እቀመጣለሁ። ሚስተር ኦስበርት ክራሩን መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ፤ አጎቱ አገር ቤት የሚጫወተውን ባንጆ አስታወሰው። እናቱም ያን ባንጆ ይወዱ ነበር።

“አንተ ድምፅ ትቀያይራለህ” ይላል አባቴ በሰባራ እንግሊዝኛው። “እኔ አምስት ድምፅ ነው ያለኝ። መሄጃ የለኝም።”

“አንተ ቤት ቁጭ በል፣ ባሩ። እኔ ዞሬ ዞሬ እመጣለሁ።”

እንደዚያው ሆነ። ቤዙ ይሄዳል፣ ክራሩ ይጠብቀዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። አባቴም አብሮ የሚፈተን መሰለኝና ኮራሁ። የሱ ፈተና ግን የካሴቷ ሴትዮ ናት፤ ዘፈኑን ለምን ጨመረ? እንዲያው ለጥንቃቄ ይሆናል አልኩ።

ኃይለማርያም በመጣ ቁጥር ይቀልዳል። “ሰውዬው ራስ ተፈሪያን ነው ብለን ስናከብረው ካውቦይ ሆኖ አረፈው! ባህሩ፣ አንተስ ፈረሱን መቼ ነው የምትገዛው?”

“ሂድ ወደዚያ! ስማው ትዝታ ነው።”

“ትዝታ ከሆነ ፈረንጁ ኪራይ ይክፈለን።”

ከዚያ በየካቲት አንድ እሁድ ግድግዳው ዝም አለ።

አባቴ ሥራ አልገባም። እናቴ ትልቁን ድስት ጥዳ ስንዴና ሽምብራ ትቀቅላለች። ኃይለማርያም ከሚስቱ ከብዙነሽ ጋር ከሪችፊልድ ድረስ መጣ፤ ብዙነሽ ጥቁር በጥቁር ለብሳለች። ታጣፊ ወንበሮች ከመኪና ወረዱ። የማላውቃቸው ሰዎችም መጡ፤ እየተከታተሉ በሚስተር ኦስበርት ጋራዥ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ።

“ዛሬ ነው እንዴ?” አልኳት እናቴን። “ፈተናው?”

“አዎ አዎ” አለች ድስቱን እያማሰለች፤ አልሰማችኝም። “አንቺ ላይ ቤት ሁኚ።”

ላይ ቤት አልሆንኩም። የወጭት ክዳን ተሸክሜ ከኋላዋ ገባሁና ባልዲዬ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አላስወጣኝም። የተቀቀለውን እህል በሳህን አዞሩት፤ እኔም ሁለት እጄን ሞልቼ ዘገንኩ። ደስ የሚል፣ ጨው ያለው፣ ትኩስ። የፈተና ቀን ምግብ ነው አልኩ።

አዲስ አበባ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ አባቷ ሞተውባት ለቅሶ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ሳህን ሲዞር ያንኑ እህል አየሁትና “ውይ፣ ይሄን እኮ በጣም ነው የምወደው!” ብዬ ዘገንኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ አፍጥጣ አየችኝ። ንፍሮ መቼ እንደሚበላ የነገረኝ አልነበረም። እጄ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። እነዚያ በጋራዡ ግድግዳ ሥር የተደረደሩት ሰዎች፣ እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬት የሚያዩት፣ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የሚስተር ኦስበርት እናት አርፈው ነበር። ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። ለቅሶ ከሆነ ታዲያ ያ ሁሉ ሳቅ ከየት መጣ?

ሚስተር ኦስበርት ቡናማ ሱፍ ለብሶ ገባ። ነጭ ሸሚዙ በካውያ የተላገ ይመስላል። ድሬዱን ጠቅልሎ ሰፊ ባርኔጣ ውስጥ ከቶታል። ስልኩን አምፕሊፋየሩ ላይ አስቀመጠና ስፒከር አደረገው። የስልክ ካርዱን ቁጥር ሲነካ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ትናገራለች። ያችው የአባቴ ካሴት ሴትዮ ናት! እምላለሁ ያችው ናት። ጀመሩ፣ አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ከስልኩ ማዶ ብዙ ሰው ተሰማ። በማላውቀው ቋንቋ ይጯጯሃሉ። ከኋላቸው አንድ ማሽን ያለ ማቋረጥ ክርር ክርር ይላል። በየመሀሉ ደግሞ ጧ! ይላል። ጧ! ጧ! ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ አባቴ የጣት አሻራ ሊሰጥ ሲሄድ አብሬው ነበርኩ፤ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ማኅተም ሲመታ እንዲሁ ነው የሚለው። የሌሎችን ውጤት እያተሙ ነው። የሚስተር ኦስበርት ተራ ገና ነው።

አባቴ ክራሩን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ሚስተር ኦስበርት ቤዙን አልያዘም፤ ባዶ እጁን ጎንና ጎኑ ላይ አንጠልጥሎ መዝፈን ጀመረ።

የባቡሩ ዘፈን ነበር።

የተቀመጡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። “ምንድነው ይሄ?” አለች ብዙነሽ በሹክሹክታ። “ዘፈን ነው እንዴ? እንዴት እዚህ ላይ ይዘፈናል?”

“የነሱ ሙሾ ነው” አለች እናቴ። ኪነት የማትወደው እናቴ። “ዝም በይ፣ ብዙዬ። ያልቅስበት።”

ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰበረ። አባቴ ክራሩን አላቆመም፤ እዚያው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጠበቀው። ብዙነሽ አልቻለችም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጮኻ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሉ። ወደቀ ማለት ነው። እናቱን ሊያይ አይደለም።

ግን ከስልኩ ሳቅ መጣ። ትልቅ፣ የብዙ ሰው ሳቅ፤ ከዚያም አብረው መዝፈን ጀመሩ። ጧ! አለ ማኅተሙ። ሚስተር ኦስበርትም እንባው እየወረደ ሳቀ። ወዲህ ሰው ያለቅሳል፣ ወዲያ ሰው ይስቃል፤ እሱ መሀል ቆሟል። የቱን እንደማምን አላወቅሁም።

የስልክ ካርዱ ሴትዮ ተመልሳ መጣች። አንድ ደቂቃ ይቀርሃል አለች።

“አይ!” አለ ሚስተር ኦስበርት። ኪሱን ዳበሰ። ሌላ ካርድ የለውም።

ኃይለማርያም፣ ያ ቀልደኛው፣ ከወንበሩ ተነሳ። ከቦርሳው አዲስ ካርድ አወጣና በመኪና ቁልፉ ይፍቀው ጀመር። “ወዳገራችን መደወያ ካርድ ነው፣ እዚያ ይሠራል?” አለ ለአባቴ።

“ሞክረዋ!”

ሠራ። እሱ ሲያልቅ ብዙነሽ የሷን አወጣች፤ በየእሁዱ ደብረ ብርሃን ለእናቷ የምትደውልበትን። ከዚያ በር ሥር የተቀመጠው ሰውዬ ሰጠ። እናቴም አንዱን ከመቀነቷ ፈታች። የመጣው ሁሉ ካርዱን እየፋቀ፣ ቁጥሩን እያነበበ ሰጠው። ክራሩም እስኪመሽ አላረፈም።

በመጨረሻ መስመሩ ተዘጋ። ሚስተር ኦስበርት ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ከባልዲዬ ተነስቼ ፊቱ ቆምኩ።

“ምን አሉህ?” አልኩት። “የመጨረሻው ማኅተም የአንተ ነው? ፈተናውን አለፍክ?”

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል ሚስተር ኦስበርት እጁን አነሳበት። ብዙ አየኝ።

“ገና ነው፣ ኢሽ” አለኝ። “ውጤቱ ሲመጣ እነግርሻለሁ።”

አባቴ በዚያው ጸደይ ፈተናውን አለፈና ትንሽ ባንዲራ ይዞ መጣ። ሚስተር ኦስበርትን ባየሁት ቁጥር ቅንድቤን አነሳለሁ፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ገና። በጋው ሳያልቅ ከግድግዳው ወዲያ የሌላ ሰው ቴሌቪዥን መጮህ ጀመረ። የሚያጠነጥን አልነበረም። ክራሩም ወደ በረዶ ጎማዎቹ ተመለሰ።

ቀሪው ግማሽ የገባኝ አምና ሻሸመኔ ነው። ለውጭ እንግዶች ላስተረጉም ሄጄ፣ በአንድ እሁድ ጠዋት፣ ቀይ ቢጫ አረንጓዴ ከተቀባ የግቢ በር ውስጥ ካንትሪ ሰማሁ። እግሬ ቀጥ አለ። እንግዶቼን ትቼ ገባሁ። ከጃማይካ መጥተው እዚያው ያረጁ ሴትዮ፣ ሚስ ሉሪን ይባላሉ፣ በረንዳ ላይ ድንች ይልጣሉ።

“ለምን ካንትሪ?” አልኳቸው፣ ሰላም እንኳ ሳልል።

“እሁድ አይደለም እንዴ?” አሉኝ። እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ።

ከቤቱ ጓሮ ጧ! አለ።

“ምንድነው እሱ?” አልኩ።

“ሽማግሌዎቹ ዶሚኖ እየተጫወቱ ነው። ጠረጴዛውን ሊሰብሩት ነው።”

ተቀመጥኩ። ቢላዋ አቀበሉኝና ድንች እየላጥኩ ሁሉንም ጠየቅኋቸው። በደሴቶቹ ሰው ሲሞት ጎረቤት ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ ያመሻል፤ ይዘፈናል፣ ይሳቃል፣ ዶሚኖ ይመታል፤ ሟች እሁድ እሁድ የሚወዱት ዘፈን ካለ እሱም አይቀርም። ከኋላ ያለማቋረጥ ክርር የሚለውን ስነግራቸው አሰቡ። “እንቁራሪቶች ናቸው” አሉ። “ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምራሉ። ሚኒሶታ ገና ብርሃን ሆኖ፣ እዚያ መሽቶ ነበር ማለት ነው።”

ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ብሩክሊን ፓርክ ነው ያለው፣ አሁንም እዚያው ቤት።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“ራሱ ነው አትንገራት ያለኝ። ‘እዚህ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ መሀል፣ ባሩ፣ አንድ እንኳ ጥሩ ወሬ የሚጠብቅልኝ ይኑር’ አለኝ።”

“አሁን የት ነው?”

“እኔ እንጃ። ኃይለማርያም አገሩ ገብቷል ይላል። ፍሎሪዳ ነው የሚሉም አሉ። ካገር አስወጥተውትም ይሆናል፤ ያኔ ብዙ ሰው ነበር የሚያስወጡት።” ከዚያ፣ “ከበሮ መቺው አንድ ቁጥር ሰጥቶኝ ነበር፤ ደውዬበት ግን አላውቅም” አለ። “ምን ብዬ?”

ቁጥሩን ላከልኝ። እኔም ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ስለ እናቱ ጻፍኩና አጠፋሁት። ስለ ንፍሮውም፣ ስለ ዶሚኖውም ጻፍኩና አጠፋሁት፤ ይህን ሁሉ ማወቄ ለሱ ምን ይሠራለታል? በመጨረሻ የቀረው አጭር ነው።

“ሚስተር ኦስበርት፣ የባሩ ልጅ ኢሽራቅ ነኝ። ውጤቱ መጣ?”

ደርሷል የምትለዋ ምልክት ወዲያው ታየች። ስልኩ የሱ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። የአባቴ ካሴት ሴትዮ ከጠየቀች በኋላ የምትተወው ዓይነት ዝምታ ነው፣ መልስ የሚገባበት። እስካሁን የገባበት የለም።